ልጄ ፍራንክፈርት የሠራችው ኮርቻ

ከፍራንክፈርት ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ስፌት ማኅበራችን ቤት በገባሁ ቁጥር «ታንጉት፣ እስቲ አውጊን» ትሉኛላችሁ፤ ስጀምር ደግሞ አንዷ ስለ ብርዱ፣ አንዷ ስለ ልብስ ዋጋ እየጠየቃችሁ ከመንገድ ታስቀሩኛላችሁ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። የተጻፈ ነገር አይቋረጥም።

የሄድኩት ልጄ ሰናይት የመጨረሻ ፈተናዋን ስትፈተን ለማየት ነው። ዶክተር ልትሆን ነው ስላችሁ መርፌ የምትወጋ መስሏችሁ ወገባችሁን ልታሳዩዋት ተሰልፋችሁ ነበር። የእሷ ዶክተርነት የኬሚስትሪ ነው። እዚያ አገር ይህ ፈተና በር ተዘግቶ አይካሄድም። ተማሪዋ ሰው ፊት ቆማ ሥራዋን ታስረዳለች፣ ከዚያ መምህራኑ እየተቀባበሉ ይጠይቋታል፣ ቤተሰብ ከኋላ ተቀምጦ ያያል። መመለስ ካቃታት የአምስት ዓመት ልፋቷ እዚያው እናቷ ፊት ውሃ ይበላዋል።

ዓርብ ተነሳሁ። ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር በሚኒባስ፣ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በትልቁ አውሮፕላን ወደ ፍራንክፈርት። ሚኒባሱ ውስጥ ተጨናንቀን ስንሄድ የት እንደምሄድ ያልጠየቀኝ፣ ያልመረቀኝ ሰው አልነበረም። በትልቁ አውሮፕላን ላይ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ግን እስክንወርድ ድረስ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ምግቡ በትንንሽ ሳጥን ተከፋፍሎ መጣ። ለአሻንጉሊት የተሠራ ይመስላል፤ ቢሆንም ጨረስኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ደረስኩ። ሻንጣዬ ውስጥ አንድ እቅፍ ስንደዶና አክርማ፣ እንዲሁም የጀመርኩት ሙዳይ ነበር፤ እጄ ሥራ ሲፈታ እንደሚያመኝ ታውቃላችሁ። ጉምሩክ ላይ ያለችው ወጣት ሣሩን አየችና ግራ ተጋባች፣ አለቃዋን ጠራች፣ ሁለቱም ተራ በተራ አሸተቱት። ቋንቋ የለን። ወስፌዬን አውጥቼ ፊታቸው ሁለት ዙር ሰፋሁላቸው። አለቃው ሳቀና በእጁ እለፊ አለኝ። ይህን የኛ አገር ጉምሩክ ላይ እንዳትሞክሩት፤ እዚህ እንዲህ በቀላሉ የሚስቅ የለም።

ሰናይት በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ከስታለች። የምትኖረው ሪድበርግ በሚባለው ሰፈር፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ፣ አልጋና ጠረጴዛ ብቻ በሚይዝ ክፍል ውስጥ ስለሆነ እኔ ያረፍኩት ጉትሎይትፊርቴል በሚባል ሌላ ሰፈር፣ እትዬ ዘውዴ ቤት ነው። እትዬ ዘውዴ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ሄደው እዚያው ቀሩ። ሰናይትን ቤተ ክርስቲያን አግኝተዋት እንደ ልጃቸው ይዘዋታል። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ የቤቱን ሕግ ነገሩኝ።

«ታንጉት፣ እዚህ ከምሳ በኋላ መውቀጥ፣ መፍጨት የለም። ሩኸ ነው።»

«ሩኸ ምንድን ነው እትዬ?»

«ዝምታ ነው፤ በሕግ። የታችኛው ጎረቤቴ አንድ ጊዜ ነጭ ሽንኩርት ስወቅጥ ደብዳቤ ጽፎብኛል።»

እኛ ቤት ጎረቤት ሙቀጫ ካልሰማ ታማችሁ እንደሆነ ሊጠይቅ ይመጣል። እዚያ ሲሰማ ነው የሚታመመው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከእትዬ ዘውዴ ጋር በማይን ወንዝ ዳር ሄድን። ማይን ከኛ ርብ ይሰፋል፣ ግን እንደ ርብ በክረምት የሚቆጣ አይመስልም፤ ጀልባ ተሸክሞ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ወንዙን ሳይ ለካ የብስክሌት መንገድ መሀል ቆሜአለሁ። አንዲት ባልቴት፣ ከእኔ የምትበልጥ፣ ደወሏን እየደወለች እንደ ጥይት አጠገቤ አለፈች። እትዬ ዘውዴ ክንዴን ይዘው ጎተቱኝና «ሞተሽ ብትቀሪብኝ ልጅሽን ምን እላት ነበር?» አሉ። ምሳ ላይ ሰባት ዓይነት ቅጠል ተከትፎ የተቀላቀለበት አረንጓዴ ቀዝቃዛ መረቅ ከእንቁላልና ከድንች ጋር አቀረቡልኝ። የከተማው ሰው የሚመካበት ምግብ ነው። እኔ እንዳልጎዳ ብለው ደግሞ ከጎኑ በትንሽ ሳህን አዋዜ አስቀምጠውልኛል። ሳያዩኝ ቀላቀልኩት፤ አዩኝ፤ እሳቸውም ቀላቀሉ።

ሰኞ ሰናይት ሪድበርግ ወሰደችኝ። ከመሬት በታች በሚሄደው ባቡር፣ በኡ-ባን፣ ሄደን አንድ ጊዜ ቀየርን። ሰፈሩ አዲስ ነው፤ ዛፎቹ ገና በእንጨት ታስረው ነው የሚያድጉት። የምትሠራበት ክፍል ስገባ መነጽር አደረጉልኝ። በመስተዋት በተከለለ ሣጥን ውስጥ ብዙ ብርጭቆ፣ ብዙ ቱቦ አለ። አንዲት የጣት ጫፍ የምታህል ጠርሙስ አውጥታ አሳየችኝ። ከታች ብርቱካን የመሰለ ዱቄት አለባት።

«ይኸው እማዬ፣ ይኼ ነው።»

«አምስት ዓመት የሠራሽው ይኼን ነው?»

«አዎ።»

«ልጄ፣ ይኼ ለወጥ እንኳ አይበቃም።»

ሳቀች። ከመጣሁ ጀምሮ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። አለቃዋ ፕሮፌሰር፣ ረጅም ሴት ናቸው፣ መጥተው እጄን ጨበጡና የሆነ ነገር አሉ። ሰናይት ልትተረጉመው አፈረች። ስጫናት «‹እጇ በጣም ጥንቁቅ ነው› ነው የሚሉኝ» አለች። እኔ ግድግዳውን አየሁ። ግድግዳው ላይ ሥራዋ በትልቅ ወረቀት ተስሏል፤ ካርቦን የሚባሉት ነገሮች አብዛኞቹ ስድስት ስድስት እየሆኑ ክብ ሠርተው፣ ልክ እንደ ማር እንጀራ ጎን ለጎን የተገጣጠሙበት ሥዕል። ንጹሕ ሥራ ነው፣ ለጥ ያለ።

ምሳ የበላነው በተማሪዎቹ አዳራሽ ነው። እሷ ሹካዋን ታንቀሳቅሳለች እንጂ አትበላም። አውጪው አልኳት።

«አንዱ ፈታኝ አያምኑኝም» አለች። «ሽማግሌው። ሥራዬን አንብበው አስተያየት ጽፈዋል። ‹ይኼ ነገር የተጣመመው ተጨናንቆ ነው፣ ቅርጹ የራሱ አይደለም› ይላሉ። ረቡዕ ይህን ነው የሚጠይቁኝ።»

«መልስ የለሽም?»

«አለኝ። ግን እሳቸው ሲያዩኝ ምላሴ ይታሰራል። ባለፈው ስለማመድም እንደዚያው ሆነ፤ ዝም ብዬ ቆምኩ።»

ሌላ ልጠይቃት ስል ስልኳ ጮኸ፣ ቴርሚን አለኝ ብላ ተነሳች። እዚያ አገር ቴርሚን ያልያዘ ሰው የለም፤ ለፀጉር ቴርሚን፣ ለወረቀት ቴርሚን። የቀጠሮ ነገር ነው፣ ግን እንደኛ ቀጠሮ አይደለም፤ ሰዎቹ በሰዓቱ ይመጣሉ።

ማክሰኞ ጠዋት እትዬ ዘውዴ ቤት መጥታ ንግግሯን አንድ ጊዜ አሰማችን። ከዚያ እትዬ ዘውዴ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው እንደ ሽማግሌው ሆነው በጀርመንኛ ጠየቋት። የልጄ ምላስ ታሰረ። እጇን ከጀርባዋ አደረገች። እትዬ ዘውዴን እኮ ነው የፈራችው፤ አዋዜ የሚቀላቅሉትን እትዬ ዘውዴን። ከዚያ ሰዓቷን አየችና ለፈተናው የሚፈረም ወረቀት አለኝ ብላ ሮጣ ወጣች። እትዬ ዘውዴም ሐኪም ዘንድ ቴርሚን ነበራቸው። ብቻዬን ቀረሁ።

ጠረጴዛው ላይ ለፈተናው የምታሳየውን ሞዴል ትታ ሄዳለች። ዱቄቱ ውስጥ ያለው፣ ዓይን የማያየው ሞለኪውል ገዝፎ ቢታይ ይህን ይመስላል ተብሎ በማሽን ከፕላስቲክ የተሠራ፣ መዳፍ የሚያህል ነገር ነው። እንክብሎች በቀጫጭን ዘንግ ተያይዘዋል። አንስቼ አየሁት። ተወላግዷል። ሁለቱ ጎኖቹ ወደ ላይ፣ ሁለቱ ወደ ታች። ግድግዳው ላይ ለጥ ያለውን ሥዕል ትናንት በዓይኔ አይቻለሁ። በቃ፣ ሽማግሌው ልክ ናቸው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ተጨናንቆ ተጣሞባታል አልኩ። ነገ ይህን ይዛ ፊታቸው ልትቆም ነው።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ሰፌድ ሲጣመም የምናደርገውን አደረግኩ። ውሃ አፈላሁ፣ ነከርኩት። እንደ ሰም ለሰለሰ፤ ደስ አለኝ። መክተፊያ ላይ አጋድሜ ሌላ መክተፊያ ከላይ አደረግኩና በእጄ ጫንኩ። በዚህ ስጫነው በዚያ ይነሳል። በዚያ ስጫነው በዚህ። የእትዬ ዘውዴን የብረት ድስት አወጣሁበት። እኔ ደግሞ ግትር መሆኔን ታውቃላችሁ፤ በሁለት ክንዴ ተደገፍኩበት። ቀጭ አለ። ከዚያ ደግሞ ቀጭ አለ።

ድስቱን ሳነሳው ጠርዙ ላይ ሁለት ዘንግ ተሰብሯል፣ ሞዴሉ ግን አሁንም አልተቃናም። ሰናይት ስትመለስ መክተፊያው ፊት ተቀምጬ አገኘችኝ። የነገው ነገር እንዲያምርልሽ ብዬ ነው አልኳት። አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«እማዬ፣ እንዲህ እንዲሆን እኮ ነው የተሠራው» አለች። «ኮርቻ ነው። የሠራሁት ነገር ኮርቻ መሆኑ ነው ሥራዬ። ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት ላይ ስለተሳለ ነው ለጥ ያለው።» ከዚያ ቀና ሳትል «ሰፌዴንም እንዲህ ነበር ያደረግሽው» አለችኝ።

ይህን መጻፉ ያስቸግረኛል፣ ግን ከናንተ መሀል ያኔ የነበሩ አሉ። ሰናይት ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ማኅበሩ ቤት ይዛው የመጣችው ሰፌድ ጠርዙ እንደ ጎመን ቅጠል ተሸብሽቦ ነበር። እኔ የማኅበሩ አለቃ፣ እኔ የታንጉት ስፌት የሚባልልኝ፣ በሁላችሁ ፊት ተቀብያት ዙር በዙር እስከ መሀሉ ፈታሁት። «ይህች ልጅ መቁጠር አታውቅም» አልኩ፤ ሳቃችሁ። ከዚያን ቀን በኋላ ወስፌ ነክታ አታውቅም። እኔ ደግሞ ለትምህርት አደላች እያልኩ በኩራት ሳወራ ኖርኩ። ያኔ እሷ እንዳኮረፈች አውቅ ነበር፤ ዕድሜ ልኳን ይዛው እንደምትኖር ግን አላወቅኩም።

እትዬ ዘውዴ መጥተው ነገሩን አይተው ሽሮ ጣዱ። እጄ ሲጨንቀው ወደ ሣሩ ሄደ፤ ስንደዶ አነሳሁና ከመሀሉ ጀመርኩ። ሰናይት መጀመሪያ ዞር ብላ፣ በኋላ ፊት ለፊት ታየኝ ጀመር።

«የዚያ ኮርቻሽ መሀል ላይ ስንት ነው የጨመርሽው?» አልኳት።

«ስድስት ካርቦን መሆን የነበረበትን ክብ ሰባት አደረግኩት። ሁለት ቦታ።»

«እንግዲያው መነሳቱ አይቀርም። አምስት ብታደርጊው ይጎደጉድ ነበር፣ እንደ ሙዳይ።»

«ይጎደጉዳል» አለች፣ ቀስ ብላ። «በትክክል እንደዚያ ነው።»

መዳፌ ላይ በየዙሩ እየጨመርኩ ሰፋሁት። ገና አራተኛው ዙር ላይ ሁለቱ ጎኖቹ ወደ ላይ፣ ሁለቱ ወደ ታች ሄዱ። ማንም አልተጫነው፣ ምንም አላጨናነቀው። አየር ላይ ይዤው ኮርቻ ሆነ። ሰናይት ከእጄ ወስዳ ጠርዙን ስትጫነው በሌላ በኩል ተነሳ። ከዚያ ልጄ ተናገረች። ሞለኪውሉን ፈሳሽ ውስጥ አሟሙታ፣ ጎረቤት ሳይጫነው ለብቻው ሆኖ እንደ ለካችው፣ ያው ቅርጽ እንዳገኘች፣ ለጥ ያሉቱ እንደ ወረቀት ሲደራረቡ የእሷ ግን እንደማይደራረብ፣ በመሀሉ የሚቀረው ባዶ ቦታ ሌላ ሞለኪውል ሊያስገባ እንደሚችል ነገረችን። ሽሮው ቀዘቀዘ። እትዬ ዘውዴ «አሁን ያልሽውን ነው ነገ የምትይው» አሉ፤ እኔ ግን የጀመርኩትን ሰፌድ አንስቼ መስፋቴን ቀጠልኩ። ማለት ያለብኝን አውቄው ነበር፤ አፌ አልታዘዘኝም።

ረቡዕ። ነጭ ነጠላዬን ለበስኩ። አዳራሹ እንደኛ ትምህርት ቤት ክፍል ሳይሆን ወደ ታች እየወረደ የሚሄድ ነው፤ ተማሪዋ ከታች ቆማ፣ ሰው ሁሉ ከላይ ያያታል። ከእትዬ ዘውዴ ጋር ከኋላ ተቀመጥን። ፈታኞቹ ከፊት ናቸው። ሽማግሌውን ሳይነግሩኝ አወቅኳቸው፤ ነጭ ጢም አላቸው፣ ማስታወሻቸው ላይ እርሳስ አስቀምጠዋል። ልጄ ግማሽ ሰዓት ያህል ተናገረች። ስትጨርስ ሰዉ ሁሉ በጣቱ አንጓ ጠረጴዛውን ይደበድብ ጀመር። የተጣሉ መስሎኝ ተነሳሁ። እትዬ ዘውዴ ነጠላዬን ጎትተው አስቀመጡኝ፤ «ማጨብጨባቸው ነው» አሉ።

ከዚያ ጥያቄው መጣ። ሽማግሌው ሲናገሩ ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው። እትዬ ዘውዴ በጆሮዬ «ያው ነው፣ ቅርጹ የራሱ ነው ወይስ ተጨናንቆ ነው እያሉ ነው» አሉኝ። የሰናይት እጅ ወደ ጀርባዋ ሄደ። እኔ ሰባት ጊዜ ማርያምን ጠራሁ። ከዚያ እጇ ወደ ፊት መጣ። የተሰበረውን ሞዴል ከጠረጴዛው አንስታ ተናገረች። ግድግዳው ላይ መስመር እያሳየች ተናገረች፣ ቁጥር እያሳየች ተናገረች፣ ከዚያ ሁለት እጇን እንደ መክተፊያ አድርጋ ስትጫን አየኋት። ሰዎቹ ሳቁ። ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ።

«ምን አለች?» አልኩ።

«‹እናቴ ልታቃናው ሞክራ አልሆነላትም፣ የተሰበረው በእሷ ክንድ ነው› አለች።»

ፊቴ ጋለ። ሽማግሌው ከወንበራቸው ዞረው አዩኝና አንድ ነገር አሉ፤ ሳቅ የለባቸውም፣ እንደ ሰው ነው የሚያዩኝ። ሰናይት ከታች ሆና በአማርኛ ጮክ ብላ አስተላለፈችልኝ።

«እማዬ፣ እናትሽን ጠይቂልኝ እያሉ ነው። ስፌት እንደምትሠሪ ነግሬያቸዋለሁ። እንዲህ ያለ የተወላገደ ሥራ ብታዪ፣ ሠሪዋ በስህተት ያበላሸችው ነው ትያለሽ ወይ ነው የሚሉት።»

ተነሳሁ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከልጄና ከእትዬ ዘውዴ በቀር አማርኛ የሚሰማ አልነበረም፤ እኔ ግን እናንተ ሁላችሁም ያላችሁ ያህል ነው የተናገርኩት።

«ብዙ ዘመን በስህተት ነው ስል ኖሬአለሁ» አልኩ። «ይኼ ግን ስህተት አይደለም። መሀሉን ብታዩት የተጨመረው በልክ ነው። ልጄ ቆጥራ ነው የሠራችው። መቁጠር ታውቃለች።»

ሰናይት ወደ ሽማግሌው ዞረች። ልትተረጉም አፏን ከፈተች፤ አንድ ቃል ጀርመንኛ ወጣትና ቆመች። ደግማ ሞከረች። አልሆነላትም፤ ወረቀቷን አንስታ ፊቷ ላይ አደረገች። እትዬ ዘውዴ ከጎኔ ተነሱና በዚያ በነርስ ድምፃቸው፣ ቃል በቃል፣ ለሁሉም እንዲሰማ በጀርመንኛ ተናገሩት። ሽማግሌው እርሳሳቸውን አንስተው ጻፉ። ከዚያ አንጓቸውን ጠረጴዛው ላይ መጀመሪያ ያሳረፉት እሳቸው ናቸው፣ ሌላው ተከተለ።

ፈታኞቹ ለብቻቸው ሊመክሩ በር ዘጉ፤ እኛ ኮሪደር ላይ ቆምን። በሩ ሲከፈት ፕሮፌሰሯ ወጥተው ልጄን አቀፏት። አልፋለች፣ ያውም በትልቅ ማዕረግ። ጓደኞቿ በካርቶን ሠርተው ደብቀውት የነበረ ጥቁር ቆብ አመጡና ጭንቅላቷ ላይ ደፉላት፤ እዚያ ቤት ልማዱ ነው። ሁሉም ሊጨብጣት ይጋፋል። እሷ ግን በመሀላቸው ሾልካ እኔ ጋ መጣች፤ ቆቡ ወደ አንድ ወገን አዘንብሏል።

«እማዬ» አለችኝ፣ «ቅድም ያልሽውን እስቲ ድገሚልኝ።»

«ቆጥረሽ ነው የሠራሽው» አልኳት።